መልክዓ ምድር በቫን ጎግ ቀለም፦ ስድስተኛ ክፍልን እንዴት ታስተምሩታላችሁ?

መምህርት_ከቢሾፍቱ
ሰኞ፣ ምሽት 2:15

ሰላም ለቤቱ። የስድስተኛ ክፍል የክወናና ዕይታ ጥበባት መምህርት ነኝ። የመልክዓ ምድር ሥዕል ልንጀምር ነውና ሐሳባችሁን ፈልጌ መጣሁ።

ችግሩን ታውቁታላችሁ። «መልክዓ ምድር ሳሉ» ስትሏቸው ሁሉም የሚያመጡት አንድ ሥዕል ነው። ሁለት ሾጣጣ ተራራ፣ በመሃል ብቅ ያለች ፀሐይ፣ ከሥር ወንዝ፣ በስተግራ አንድ ጎጆ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ ግንዱ ቡናማ። በክፍላችን መስኮት ዝቋላ ቁጭ ብሎ ይታያል። ዝቋላን የሳለ ልጅ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዘንድሮ በአንድ ሠዓሊ በኩል ልግባ ብያለሁ፤ በቪንሰንት ቫን ጎግ። ቫን ጎግ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው በ1889 የሳለውን በከዋክብት የደመቀ ሌሊት ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። እሱን ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። ዩቲዩብ ላይ ያለው ትምህርት ባብዛኛው እሱው ነው፤ ውጤቱም ስልሳ ልጅ ስልሳ ጠመዝማዛ ሰማይ ይዞ መምጣቱ ነው። ታዲያ ከጎጆዋ በምን ተሻለ?

የመረጥኩት «ዘሪው»ን ነው። ደቡብ ፈረንሳይ፣ አርል የምትባል ከተማ እያለ በሰኔ 1888 የሠራው ነው። ላላያችሁት፣ አንድ ገበሬ በታረሰ ማሳ ላይ እጁን ዘርግቶ እህል እየበተነ ይራመዳል። ከበስተኋላ ትልቅ ፀሐይ አለች። ሰማዩ እንዳለ ቢጫ ነው። መሬቱ ደግሞ ወይን ጠጅና ሰማያዊ ሆኖ እዚህም እዚያም ብርቱካናማ ጣል ጣል ብሎበታል። የኛ የአዳ አካባቢ ልጆች ያንን እጅ ሲያዩ ጤፍ ሲዘራ ነው ትዝ የሚላቸው። ማብራሪያ አልጨምርበትም።

አሁን ወደ ጭንቀቴ። ቀለም የለንም ማለት ይቻላል። ክራዮን ያለው ከግማሽ በታች ነው። ባለቀለም ጠመኔ አለ፣ ካርቶን እንደ ልብ ነው። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ደግሞ «ቲቸር፣ መሬት እኮ ወይን ጠጅ አይደለም!» ለሚል ልጅ ምን ትሉታላችሁ?

ሸራና_እርሳስ
ሰኞ፣ ምሽት 3:40

መምህርት፣ ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ዘመን ያስተማርኩ ሰው ነኝና እንደ ታናሽ እህቴ ቆጥሬሽ በግልጽ ልናገር። ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። ልጅ መጀመሪያ እርሳስ ይያዝ፣ ቅርብና ሩቅ ይለይ፣ ብርሃንና ጥላ ይይ። ቀለም ኋላ ይደርሳል።

ቫን ጎግ ራሱ ቆርጦ ሥዕል የጀመረው በ1880፣ በ27 ዓመቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት የገፋው በእርሳስና በከሰል ነው። «ድንች ተመጋቢዎቹ» የተባለውን የ1885 ሥራውን እዪው፤ ጨለማ ነው። ደማቅ ቀለም የገባለት በ1886 ፓሪስ ከሄደ በኋላ ነው። አንቺ ልጆቹን እሱ ከጨረሰበት ልታስጀምሪያቸው ነው። ከዚያ ስምንተኛ ክፍል እኔ ጋ ይመጡና አንድ ብርጭቆ በወጉ መሳል ያቅታቸዋል።

መምህርት_ከቢሾፍቱ
ሰኞ፣ ምሽት 4:05

ጋሼ፣ ስላዩልኝ አመሰግናለሁ። ያሉት እውነት ነው። እኔ ግን ለመልክዓ ምድር የተሰጠኝ አራት ክፍለ ጊዜ ነው። በአራት ክፍለ ጊዜ ቅርብና ሩቅን በመስመር ባስተምር የሚወጣልኝ እየጠበበ የሚሄድ መንገድና የስልክ እንጨት ነው።

ደግሞ ቀለምም ቅርብና ሩቅን ያሳያል እኮ። ሞቅ ያለው ወደኛ ይመጣል፣ ቀዝቀዝ ያለው ይርቃል። ዝቋላ አጠገቡ ሲደርሱ ሰማያዊ አይደለም፤ ከኛ መስኮት ግን ሰማያዊ ነው። ከዚያ መጀመር አይቻልም?

«ድንች ተመጋቢዎቹ»ን ግን ወስጃለሁ። ከ«ዘሪው» ጎን እለጥፈዋለሁ። የአንድ ሰው እጅ፣ በመካከል ሦስት ዓመት ብቻ። ልጆቹ ራሳቸው ምን ተፈጠረ ይበሉ።

የቆሎ_ተማሪ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:20

እንደምን አደራችሁ። ጋሼም መምህርትም እንዳትጣሉ አስታራቂ ይዤ መጥቻለሁ፤ መቃ ነው።

ቫን ጎግ አርል ሳለ በመቃ ብዕር ይስል ነበር። በዚያ አገር የሚበቅለውን መቃ እየቀረጸ በቀለም ይነክርና ይጭር ነበር። «አዝመራው» የሚባል፣ በመሃሉ ሰማያዊ ጋሪ የቆመበት የስንዴ ሜዳ ሥዕል አለው። ያንኑ ሜዳ እንደገና በመቃ ስሎ ለወዳጆቹ ልኳል። በመቃው ሥዕል ቀለም የለም፤ ግን እያንዳንዱ ማሳ የራሱ ጭረት አለው። እዚህ ነጠብጣብ፣ እዚያ አጭር የቆመ ሰረዝ፣ ወዲያ የተጋደመ፣ ወዲህ የታጠፈ። ዓይናችሁ ያለ ቀለም ገለባውን ከሣሩ ይለያል። እንግዲህ ይኼ ጋሼ ያሉት እርሳስ ነው፣ መምህርት ያለችው ቀለምም ነው።

አቀራረጹ እንዲህ ነው። የደረቀ መቃ ይሁን፤ እርጥቡ ይለሰልሳል። ጣት ያህል ውፍረት፣ ስንዝር ያህል ርዝመት ይበቃል። ጫፉን በስለት አጋድማችሁ ቁረጡ፣ የውስጡን ለስላሳ ክፍል ፋቁ፣ ጫፉን ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡና በመሃል ትንሽ ሰንጥቁት። ቀለሙ የሚቀመጠው በስንጥቁ ነው። ምላጩ ከመምህርት እጅ እንዳይወጣ። ለቀለም ጥላሸት በሙጫ ካገኛችሁ ጥሩ፣ ካልሆነም ጀበናው ውስጥ የቀረውን ቡና እስኪወፍር ማፍላት ነው።

ከዚያ አንድ ወረቀት በስምንት ቤት ከፍለው በየቤቱ የተለያየ ጭረት ይሙሉ። የጤፍ ጭረት፣ የሽምብራ ጭረት፣ የድንጋይ ጭረት፣ የደመና ጭረት። ስሙን ራሳቸው ያውጡለት።

ሸራና_እርሳስ
ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:00

ይኼስ ይሁን። በዚህ እስማማለሁ።

ሮተርዳም_ነኝ
ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9:30

«ዘሪው»ን በዓይኔ አይቼዋለሁና ልጨምር። ያለው አምስተርዳም አይደለም፤ ኦተርሎ በምትባል መንደር አጠገብ፣ ጫካ መሃል ያለው ክሮለር ሙለር ሙዚየም ነው። በሩ ላይ ነጭ ብስክሌት በነጻ ይሰጣችኋል፣ እየነዱ መግባት ነው።

ሥዕሉ እኔ ከጠበቅኩት ያነሰ ነው፤ 64 በ80 ሳንቲ ሜትር ገደማ። ቀረብ ብላችሁ ከጎን ስታዩት ግን ቀለሙ ተከምሯል። ከፀሐይዋ የሚወጡት ጭረቶች እንደ ጨረር ወደ ዳር ይፈሳሉ። ከበስተኋላ ያለው ስንዴ ቀጥ ቀጥ ብሎ ቆሟል። መሬቱ ላይ ያለው አጭርና ቁርጥርጥ ነው፤ ጓል የበዛበት እርሻ ላይ ስትሄዱ እግራችሁ የሚሰማው ነገር። ይኼ ሁሉ በስልክም በህትመትም አይታይም። ልጆቹ ውፍረቱን በእጃቸው ካልሠሩት ሥዕሉን ግማሹን ነው የሚያገኙት።

ስለ ወይን ጠጁ መሬት ደግሞ መልሱን ራሱ ሰጥቶሻል። ይህን ሥዕል ሲሠራ ለጓደኛው ለሠዓሊው ኤሚል በርናር በጻፈው ደብዳቤ የቀለሙ እውነት መሆን አለመሆን እምብዛም እንዳላስጨነቀው ነግሮታል። መሬቱን ወይን ጠጅ ያደረገው ሰማዩ ይበልጥ ቢጫ እንዲሆንለት ነው። ለልጁ «ልክ ነህ፣ መሬት ወይን ጠጅ አይደለም። በእጅህ ሸፍነውና ሰማዩን እየው፤ አሁን ግለጠው» በዪው። ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

ቀለማት_ዘኢትዮጵያ
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:10

ይቅርታ፣ ግን ሁሌ ፈረንጅ የግድ ነው? ቢሾፍቱ ቁጭ ብሎ ቫን ጎግ! ፍየል ቆዳ ላይ በመሳል የታወቀው የለማ ጉያ ሙዚየም ያለው እዚያው እናንተ ጋ ነው። ለደማቅ ቀለም ከሆነ አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስኮት አለ፤ 150 ካሬ ሜትር ቀለም! ልጆቻችን መጀመሪያ የራሳቸውን ሰው ይወቁ።

መምህርት_ከቢሾፍቱ
ማክሰኞ፣ ምሽት 1:45

ወንድሜ፣ ቁጣህ ይገባኛል። ለማ ጉያ ሙዚየም እንሄዳለን፣ ከትምህርት ቤቱ ብዙም አይርቅም። ለእሱ የያዝኩት ግን ሌላ ትምህርት ነው፤ ስለ ቆዳና ስለ ሰው ፊት። አሁን የምፈልገው ማሳና ተራራ በተቃራኒ ቀለማት ነው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሌላውን በሚያደምቅ። ለዚያ የሚረዳኝ ማንም ይሁን ማን እጠራዋለሁ። ገበሬው እህል ሲበትን ዜግነቱ አይታይም።

የቆሎ_ተማሪ
ማክሰኞ፣ ምሽት 2:30

ቀለማት ያልከው ግን አንድ ነገር አስታወሰኝ። የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን መስመሩ ጥቁርና ደፋር፣ በመስመሩ ውስጥ ያለው ቀለም ደግሞ ልሙጥ ነው። ልጆቹ ዓይናቸው ያደገው በዚህ ነው። መጀመሪያ ዙሪያውን ያሰምራሉ፣ ከዚያ ይሞላሉ። ነውር የለውም፤ ቫን ጎግም የጃፓን የእንጨት ህትመት ወዳጅ ነበርና ደፋር መስመር ይወድ ነበር። ግን መምህርት፣ «ሙሉት» የሚለውን ቃል ካልተውሽ ጭረት አይወጣልሽም። «ዝሩት» በያቸው።

ቲቸር_ሐዋሳ
ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ሁለት ነገር ብቻ።

ጠመኔ ካላችሁ አትጨነቁ። ስኳር በውሃ በጥብጡ፣ ባለቀለሙን ጠመኔ ጥቂት ደቂቃ ዘፍዝፉት፣ እርጥብ እያለ ካርቶን ላይ ይሳል። ቀለሙ ይደምቃል፣ ብናኙም ይቀንሳል። የካርቶኑን ቡናማ መሬት ለቀቅ አድርጉት፤ በጭረቶቹ መሃል ሲታይ ያምራል።

ሁለተኛ፣ ተዘጋጂ፤ ስለ ቆረጠው ጆሮው ይጠይቁሻል። ዘንድሮ ቲክቶክ ያላየ ልጅ የለም። የኔ ክፍል ትምህርቱ ወደ ጆሮ ተቀይሮብኝ ደወል ተደወለ 😅

ሮተርዳም_ነኝ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 8:15

ለጆሮው አጭር መልስ ይሻላል። በታኅሣሥ 1888 በጠና ታመመ፣ ራሱን ጎዳ፣ በኋላም በገዛ ፈቃዱ ሳን ሬሚ በምትባል ከተማ ያለ የአእምሮ ሕሙማን መታከሚያ ገባ። እዚያም ሆኖ ይሥል ነበር፤ ሲበረታ። ይበቃል። «ስላበደ ነው ጥሩ የሳለው» የሚለውን ግን አታሳልፊው። ሰውየው ቀለምን ያጠና የነበረ ሰው ነው። ማስረጃ ከፈለጉ አምስተርዳም ቫን ጎግ ሙዚየም ውስጥ አንድ ቀይ ሣጥን አለ፤ ውስጡ ያለው የሱፍ ክር ነው። ልቃቂት ነው፤ የተለያዩ ቀለማት አብረው የተጠመጠሙበት። ሸራው ላይ ቀለም ከማባከኑ በፊት የትኛው ከየትኛው ጎን ሲሆን እንደሚደምቅ በክር ይሞክር ነበር።

የሰፌድ_ልጅ
ረቡዕ፣ ምሽት 12:50

እኔ አስተማሪ አይደለሁም፣ እናቴ ግን ሰፌድና መሶብ ሰፍታ ነው ያሳደገችን። ይኼ የክር ነገር እኮ አለላ ነው! እናቴ አዲስ መሶብ ስትጀምር አለላውን በየቀለሙ ጉልበቷ ላይ ትደረድርና ታጣምራለች። ቢጫውን ከወይን ጠጁ፣ ቀዩን ከአረንጓዴው። «ይኼ ይገድለዋል፣ ይኼ ያወጣዋል» ትላለች። ቀለም ክብ ምናምን ተምራ አታውቅም።

መምህርት፣ ገበያ ወርደሽ ጥቂት አለላ ግዢ። ክራዮን ከመግዛት ይረክሳል። ለየልጁ ሁለት ሁለት ዘለላ ስጪ።

መምህርት_ከቢሾፍቱ
ረቡዕ፣ ምሽት 1:30

የሰፌድ ልጅ፣ እናትሽን እግዜር ይባርካቸው! ይኼን እንዴት አላሰብኩትም። ቅዳሜ ገበያ እወርዳለሁ።

ጭረቱን ወፍራም ለማድረግስ? ፖስተር ከለር ላይ ዱቄት የሚጨምሩ አይቻለሁ።

ቲቸር_ሐዋሳ
ረቡዕ፣ ምሽት 2:00

ዱቄት ተይው። ሻጋታ ያወጣል፣ ከዚያ የትምህርት ቤቱ አይጥ ኤግዚቢሽኑን ይጎበኝልሻል። እንጨት ቤት ሄደሽ ሰጋቱራ ለምኚ፣ በደንብ ንፊው፣ ደቃቁን ከኮላና ከቀለሙ ጋር ለውሺ። ብሩሽ አያስፈልግም። ወፍራም ካርቶን ቆርጠሽ ጫፉን እንደ ማበጠሪያ ብትሸነታትሪው ጭረቱን ራሱ ያወጣዋል።

ሸራ የለንም ለሚል ደግሞ ንገሪው፤ ቫን ጎግም በ1890 ሸራ ሲያልቅበት የሠዓሊውን የዶቢኚን አትክልት ቦታ በወጥ ቤት ፎጣ ላይ ነው የሳለው።

መምህርት_ከቢሾፍቱ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ አርብ ምሽት 2:20

ትምህርቱ እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ ተመልሻለሁ። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡ።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አልሳልንም። ሁለቱን ሥዕሎች ለጠፍኩ፣ አለላውን አደልኩ። ቢጫ ከምን ጎን ሲሆን ይጮሃል? ዴስክ ለዴስክ እየተለዋወጡ ሞከሩ። አንዷ ቢጫውን ከነጭ ወረቀት ላይ አነሳችና ወይን ጠጁ ላይ አስቀመጠችው፣ መልሳ አነሳችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። «ቲቸር፣ እዚህ ሲሆን ይበራል» አለች። ተቃራኒ ቀለማት የሚለውን ቃል የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።

የመቃው ቀን ከሁሉም የተሻለው ነበር። ቡና አፍልቼ ወሰድኩ፣ ክፍሉ በሙሉ ቡና ቡና ሸተተ፤ ከጎን ክፍል መምህራን ስኒ ይዘው ብቅ አሉ 😄 የጭረት ስሞቹን ብታዩ! «የዝናብ ዳር ዳር»፣ «የአያቴ ጋቢ»፣ «የተናደደ ሣር»። ከመጽሐፍ ባነብላቸው ይኼ አይመጣም ነበር።

ቀጥሎ ወደ መስኮት። ደንቡ አንድ ነው፤ ዝቋላ ይኑር፣ ማሳ ይኑር፣ ግን አንድም ነገር በተለመደው ቀለሙ አይሳል። አንድ ልጅ ተራራውን ቀይ፣ ማሳውን ሰማያዊ፣ ሰማዩን ሐምራዊ አደረገው። አጠገቤ ሲደርስ ግን ተራራው ወደፊት ወጥቶ ማሳው ላይ ተቀምጧል። «ለምንድን ነው የቀረበው?» አልኩት። ዝም ብሎ አየው። ሄዶ በቀዩ ላይ ሰማያዊ ጠመኔ ዘራበት፤ አልሞላውም፣ ዘራበት። ቀዩ በመሃል በመሃል ይታያል። ተራራው ወደ ቦታው ሄደ። ጋሼ፣ ቅርብና ሩቅ በቀለም ያልኩዎት ይኼን ነው።

ሌላዋ መሬቱን ጭራሽ አልቀባችውም። የካርቶኑን ቡናማ እንዳለ ትታ በላዩ ላይ ብርቱካናማ ቁርጥራጭ ጭረት ብቻ። እኔ ጨርሺ ልላት ነበር። እሷ «የታረሰ ነው፣ ገና አልተዘራም» አለችኝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የስኳሩ ጠመኔ ቀለሙ ግሩም ነው፣ ግን ጉንዳን ይጠራል! ሰኞ ጠዋት ሥዕሎቹን ከፍቼ ስገባ ሰልፍ ተሰልፈዋል። በደንብ ሳይደርቅ አትደራርቡ።

አንድ ወላጅም መጥተው ነበር። «ልጄ ቀለም አይለይም እንዴ? ምነው መሬቱ ወይን ጠጅ?» አሉኝ። ልጁን ጠርቼ ያስረዳቸው ዘንድ ተውኩት። ሰማዩን በእጃቸው አስሸፈናቸው 🙂

ሸራና_እርሳስ
አርብ፣ ምሽት 3:10

ስለ ቀዩ ተራራ ያልሽው ገብቶኛል። ደስ ብሎኛልም። ግን ማርኩንስ እንዴት ሰጠሽ? አንድም ነገር በቀለሙ ካልሆነ ልክና ስህተቱ በምን ይለያል?

መምህርት_ከቢሾፍቱ
አርብ፣ ምሽት 3:35

ከአሥር ነው የያዝኩት ጋሼ። ቢያንስ ሦስት የተለያየ ጭረት ካለ አራት። አንድ ጥንድ ተቃራኒ ቀለም ሆን ተብሎ ጎን ለጎን ከተቀመጠ ሦስት፤ ለምን እዚያ እንዳደረገው ቆሞ መናገር አለበት። የቀረው ሦስት ቦታው የኛ ቦታ መሆኑ ነው። ቫን ጎግን መምሰል ማርክ የለውም። ሁለት ልጆች «ዘሪው»ን ከስልክ አይተው አሳምረው ገልብጠውት መጡ። እጃቸውን አደነቅኩ፣ የመጨረሻዋን ሦስት ግን አላገኙም።

ሮተርዳም_ነኝ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:00

እንዴት ደስ ይላል! ፎቶ በዪን። ሥዕሎቹን ስትሰቅዪ ግን ፀሐይ ከሚገባበት ግድግዳ አርቂያቸው። የቫን ጎግ «መኝታ ክፍሉ» ግድግዳው ዛሬ ሰማያዊ ነው የሚታየው፤ እሱ ሲቀባው ወይን ጠጅ ነበር። ቀዩ ቀለም በብርሃን ጠፍቶ ሰማያዊው ብቻ ቀረ። ታላላቅ ሙዚየሞች ያላዳኑትን የናንተ ጠመኔ አይችለውም።

ቲቸር_ሐዋሳ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 4:30

የጠመኔው ብናኝ እንዳይረግፍ የፀጉር ስፕሬይ ከሩቅ ንፊበት፣ ደጅ ላይ። ርካሹ ይበቃል።

ቀለማት_ዘኢትዮጵያ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 9:05

እሺ፣ የአለላው ነገር አሸንፎኛል። ግን ለማ ጉያ ሙዚየም መቼ ነው የምትሄዱት? አዲስ አበባ ነኝ፣ ከፈቀድሽ መጥቼ ልጆቹን ባግዝ ደስ ይለኛል።

መምህርት_ከቢሾፍቱ
ቅዳሜ፣ ምሽት 1:00

በደስታ! ቀኑ ሲቆረጥ በውስጥ መስመር እነግርሃለሁ። የቆሎ ተማሪ፣ መቃው አልቆብኛል፤ አምስተኛ ክፍሎችም «እኛስ?» እያሉ ነው። እዚህ የማገኘው ሁሉ እርጥብ ነው።

የቆሎ_ተማሪ
ቅዳሜ፣ ምሽት 1:25

አንድ እስር ደረቅ አለኝ። ሰኞ በሚኒባስ እልክልሻለሁ፣ የሹፌሩን ስልክ በውስጥ መስመር ተቀበዪ።